የቦራ ቁርበት

ሰኞ፣ ኅዳር ፮። ጧት ፪ ሰዓት።
ተነሣሁ። ማለቴ፣ ትርንጎ አነሣችኝ። ከበቅሎ ከወደቅሁ ወዲህ ከወገብ በታች የለሁም፤ የልጄ የዓለሙ ሚስት ብብቴ ሥር ገብታ፣ አቅፋ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ወዳለው ወንበሬ ታሻግረኛለች። የልጅ ልጄን በጀርባዋ አዝላ፣ እኔን በደረቷ። ዛሬ ሆን ብዬ ሰውነቴን ልቅቅ አደረግሁት፤ እንደ ጤፍ ጆንያ። ቃተተች። ቁርስ አልበላሽም እንዴ አልኳት። አንተ ደብተር፣ ፊቷን ብታይ ትስቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፯።
ዓለሙ አናጢ አይደል? ቤት ሲሠራ እንጨት የሚስብበትን ገመድና መዘውር አምጥቶ ከአልጋዬ በላይ ሰቀለ። ከታች ቁርበት አንጠለጠለ። ለእርስዎ ነው አለኝ፤ የትርንጎ ወገብ አልቻለም። ቁርበቱን አወቅሁት። የበሬዬ የቦራ ነው። ዐሥር ክረምት አርሼበት፣ አሁን ሊሸከመኝ? የወረዳ ፍ/ቤት ጸሐፊ የነበረ ሰው እንደ ሙክት አይሰቀልም አልኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፱።
ጎረቤታችን ግራዝማች ሊጠይቁኝ መጡ። ሆዳቸው ቀድሟቸው ገባ። እስቲ ቁርበቱን ይሞክሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ገቡበት! ትርንጎን ሳቢ አልኳት። ከመሬት ተነሡ፤ እግራቸው ተወራጨ፤ በጃንሆይ አምላክ አውርዱኝ አሉ። አታውርጂ አልኳት። አባታችን ሆይን ሁለቴ አስደግሜያቸው ነው የወረዱ። አንጀቴ እስኪቆስል ሳቅሁ።
ግን አየሁ። ትርንጎ በአንድ እጇ ነው የሳበች። በሌላው ልጇን አቅፋ ታጠባ ነበር። ዓለሙም አየ። ምክንያት አለቀብኝ። ላንተ ብቻ ልንገርህ፤ በገመድ ከተነሣሁ የሚያቅፈኝ ሰው አይኖርም።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲። ጧት።
በገመዱ ይሁን አለች ትርንጎ። በእጅሽ አልኳት። ሕፃኗን አስተኝታ መጣች። እንደ ልማዴ ልቅቅ አልኩ። ወገቧ ቋ አለ። ሁለታችንም ወለሉ ላይ፤ እኔ ከላይ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልተነሣችም።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፪። ሚካኤል።
ወጌሻው አይቷት ሄደ። ትተኛ አለ፤ እስከ መቼ አላለም። ዓለሙ አልጋዋን ከአልጋዬ ጎን አደረገው፤ እሷን ቁርበቱ ውስጥ አጋድሞ የገመዱን ጫፍ እኔ ላይ ወረወረው። እጅዎ ደህና ነው፣ ይሳቡ፤ ምንጣፍ ልቀይርላት። ሳብኩ። ትርንጎ ከላይ ሆና ቁልቁል አየችኝ።
«አባባ፣ ሰውነቴን ልቅቅ ላድርገው?»
ለካ ታውቅ ኖሯል። በየጧቱ። የዓለሙ እጅ ምንጣፉ ላይ ቀረ። ገመዱን ቀስ እያልኩ ለቅቄ አወረድኳት።

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፫። ረፋድ።
ከዓርብ ወዲህ ከአልጋ አልወረድኩም። ቁርበቱን ወደ እኔ አዙረው አልኩት ዓለሙን፤ ራሴው ለመንኩት። አስገባኝ፣ ሳበኝ፣ ገመዱን ምሰሶው ላይ አሰረ። ሕፃኗን ይዞ ወጣ። አሁን የምጽፍልህ ተሰቅዬ ነው። ቦራ አሁንም ቦራ ቦራ ይሸታል። ትርንጎ ከአልጋዋ እያየችኝ ነው። አውርዱኝ አላልኩም፤ አልልምም። የግራዝማች ሳል ከደጅ ይሰማኛል። ትርንጎ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ይግቡ፣ ይግቡ፣ አባታችን ሆይ የሚያስደግሙት ሰው አለ አለች።