አሥራ ሁለቱ የጉንዳን ገጾች

እኔ፣ በሥራ ቦታዬም በሰፈሬም «መርፌ» እየተባልሁ የምጠራው፣ ዕድሜዬ ሃያ ሦስት፣ ሥራዬ ጥረዛ፣ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ደርሶ የቀረ፣ ዛሬ ማክሰኞ የካቲት አሥራ አራት ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ በመስኮቱ ዳር ባለው አልጋ ተቀምጬ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። እህቴ «መቼ ነበረና?» ብላለች፤ አስተያየቷ ይመዝገብ እንጂ ዋጋ አይሰጠው። የታመመው ልቤ ነው። በውስጡ ያለች አንዲት ክዳን እንደሚገባት አልዘጋ ስላለች ነገ ጠዋት ሐኪሞች ከፍተው ያዩዋታል። ሐኪሙ «ከአሥር ሰው ዘጠኙ ይድናል» ብሎኛል። አሥረኛው ማን እንደሆነ ብጠይቀው ሳቀ እንጂ አልነገረኝም።

ቃሌን የሚጽፉልኝ አጠገቤ የተኙት አባባ ናቸው። አርባ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዳሌያቸው ቢሰበርም እጃቸው ደህና ነው። ያልሁትን እንዳልሁት፣ ጣልቃ የሚገባውም ሰው ያለውን እንዳለው እንዲጽፉ ተስማምተናል። «ስድቡንም?» ብለው ጠይቀዋል። ስድቡንም።

ምስክሮቼ አራት ናቸው፤ አባባ ራሳቸው፣ የክፍሉ ሲስተር፣ ከማዶ እግሩን በጀሶ ታስሮ የተኛው ሹፌር፣ እንዲሁም የእናቴ ወንድምና የጥረዛ ቤታችን ባለቤት የሆኑት ጋሼ። እህቴ ወራሽ ስለሆነች መመስከር አትችልም። ጋሼ ከእኔ ምንም ስለማይወርሱ ይችላሉ። ለምን ምንም እንዳልተውሁላቸው ወደ ታች ስንደርስ ይገባቸዋል። «እኔ ካንተ ምን ፈልጌ!» ብለዋል። ይጻፍ።

አንደኛ። ለእህቴ አዲሱን መቀስ። አብራኝ ጥረዛ ቤቱ ውስጥ የምትሠራው እህቴ ግራኝ ናት። ልጆች ሳለን አስተማሪዋ ግራ እጇን በማስመሪያ ሲመታት እኔ በመስኮት እያየሁ እስቅ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ስለ ግራኞች የተጻፈ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ጠረዝሁ። ሁለት መቶ ገጽ ነው፤ መደምደሚያው ግራኝ ልጅ ቢመታም ያው ግራኝ ነው ይላል። ይህን እህቴን ቢጠይቋት በነጻ ትነግራቸው ነበር። ሆኖም አንድ ሰው ይህን ያህል ለፍቶ ለእርሷ መፍረዱ ደስ ብሎኛል። መቀሱ ለግራ እጅ የተሠራ ነው። ገዝቼው መስጠቱ ስላሳፈረኝ ደብቄዋለሁ።

«የት ደበቅከው?»

«ከሙጫው ባልዲ ጀርባ።»

«እዚያማ በየቀኑ እጠርጋለሁ!»

እንደማትጠርግ በዚህ ተረጋግጧል።

ሁለተኛ። ለእናቴ ሬዲዮዬን። የድምፅን ነገር ያጠና አንድ ሰው፣ ጭር ባለ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ውሎ አድሮ የገዛ ጆሮውን ጩኸት መስማት ይጀምራል ብሎ ጽፏል። እናቴ የጆሮዋን ጩኸት እንድትሰማ አልፈልግም። ጎረቤት ቢቆጣም ከፍ አድርጋ ትክፈተው።

ሦስተኛ፣ ዕዳ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም፤ የሚያበድረኝ ሰው ተገኝቶ አያውቅም። ለሹፌሩ ግን አንድ ይቅርታ አለብኝ። ትናንት ተኝቶ ሳለ ጀሶው ላይ «የሚሸጥ» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ሹፌሩ፦ «አንተ ነህ እንዴ! እኔ ሲስተሯን ስጣላት አደርኩ እኮ!»

ሲስተር፦ «ቁርስም አልበላም ብሎኝ ነበር፣ በእኔ አኩርፎ።»

ሁለቱም ይቅር ብለውኛል። ይህ ነገር ወደ ፊት ስለሚያስፈልገኝ አባባ ከሥሩ ያስምሩበት።

አራተኛ። «ቅይጥ» ብዬ የሰየምሁት ጥራዝ። ጥረዛ ቤታችን ከኮሌጁ አጥር ማዶ ስለሆነ የተመራማሪ ሁሉ ልፋት መጨረሻው የእኛ ጠረጴዛ ነው። ስለ ወተት መኮምጠጥ የጻፈውና ስለ ድልድይ ስንጥቅ የጻፈው በሕይወታቸው ተያይተው አያውቁም፤ እኛ ቤት ግን ተነባብረው በአንድ መጭመቂያ ሥር ያድራሉ። ስለ ጥንት ቁልፎች የጻፈ አለ፤ ስለ ሕፃናት ሕልም፣ ስለ ሽማግሌዎች ጥርስ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ስለሚያወጣው ድምፅ። ሙጫው እስኪደርቅ ሌላ ሥራ ስለሌለኝ አነባለሁ። ግማሹ አይገባኝም። የገባኝ ግማሽ ደግሞ የጥርሱ ይሁን የድልድዩ ይምታታብኛል። ሲጀምሩ ሁሉም እናታቸውን ያመሰግናሉ፤ ሲጨርሱ ሁሉም «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ይላሉ። አንድም ሰው «በቃ፣ ይኸው ነው» ብሎ ሲጨርስ አላየሁም። ቀለም የፈሰሰባቸውንና ተበላሽተው የታተሙትን ገጾች ከቅርጫት እየለቀምሁ በአንድ ላይ ሰፋኋቸው፤ ቅይጥ እርሱ ነው። አሁን ከአልጋዬ ሥር አለ። ለእህቴ ትቼላታለሁ፣ ከመጨረሻው ላይ ካሉት አሥራ ሁለት ቅጠሎች በስተቀር።

አምስተኛ። እዚህ ላይ ጋሼ ይቀመጡ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

ይቀመጡ ጋሼ።

ተቀምጠዋል።

እነዚህን ጽሑፎች ከጻፋቸው ሰውና ከሙጫው በቀር የሚያያቸው ያለ አልመስለኝ ስላለ ከሁለት ዓመት ወዲህ እኔም በአቅሜ መመራመር ጀመርሁ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከአንዱ ጽሑፍ የተበላሸ ገጽ አንስቶ በሌላው መሀል መስፋት። ወተቱን ድልድዩ ውስጥ፣ ጥርሱን ቁልፉ ውስጥ። ሰባት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ስድስቱ ከነወተታቸው ጸድቀው፣ ባለቤቶቻቸው ተመርቀው፣ ዛሬም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተደርድረዋል። ሰባተኛው ተነበበ።

ሰባተኛው «ባለ ጉንዳኗ» የሚሏት ተማሪ ሥራ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዷ ተኝታ፣ ጉንዳኖች የሞተባቸውን ተሸክመው ከጉድጓዳቸው እንዴት እንደሚያወጡ ተከታትላ ጻፈች። በዚያው ሰሞን ሌላ ተማሪ ሰዎች ዳቦ ቤት በር ላይ እንዴት እንደሚሰለፉ ጽፎ ነበር። ሰልፍ ከሰልፍ ይዋደዳል ብዬ፣ የእርሷን ከስልሳ አንድ እስከ ስልሳ አራት ያሉትን ገጾች አውጥቼ፣ ተበላሽተው የተጣሉትን የዳቦ ገጾች በፎቶኮፒ አባዝቼ ተካሁባቸው። የገጽ ቁጥራቸውም አንድ ነው። ባስረከበቻቸው ሦስት ቅጂዎች ሁሉ ላይ አደረግሁት፤ ያወጣኋቸው አሥራ ሁለት ቅጠሎች እነዚህ ናቸው።

ፈታኟ ሆኖ የተመደበው መምህር የዳቦውን ተማሪ ያማከረው ሰው ሆነ። የገዛ ተማሪውን ቃል ጉንዳኖች መሀል አገኘው። በሌላው ገጽ ሁሉ ግርጌ ላይ የአማካሪዋ አጭር ፊርማና ቀን ሲኖር በእነዚያ አራቱ ላይ የለም፤ ስለዚህ «ከጸደቀላት በኋላ የሰው ሥራ ሰርቃ አስገባች» ተባለች። «እነዚህን ገጾች አላውቃቸውም» አለች። ኮምፒውተሯን ከፍታ የራሷን ገጾች ስታሳያቸው «ሲነቃብሽ ያስተካከልሽው ነው» አሏት። ጥረዛ ቤቱም ተጠየቀ።

ጋሼ፦ «ኅዳር ላይ ጠይቀውኛል።»

ምን ብለው መለሱ?

«‹በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከቤቴ አንድ ገጽ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ገብቶም ወጥቶም አያውቅም› ብዬ ጽፌ ማኅተም አድርጌ ሰጠኋቸው። አንተንም ጠይቄሃለሁ! በዚሁ አፍህ ‹እኔ ምን አውቄ ጋሼ› አላልከኝም?»

ብያለሁ።

«አንተ የማትረባ! የሠላሳ ዓመት ስሜን!»

አባባ፣ ይህም ይጻፍ። ልክ ናቸው።

የጣላት ያ ደብዳቤ ነው። ዝም ያልሁት ኮሌጁ ሥራውን ቢነጥቀን የአራት ሰው ጉሮሮ ይዘጋል ብዬ ነው እል ነበር። ሰበብ ነው። ፈርቼ ነው። ባለፈው ወር ጥረዛ ቤቱ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ እስቲ ያስቡት፣ ምናልባት ተሳስቶ ገብቶ ይሆን?» ብላ ስትለምን ጋሼ ተቆጥተው መለሷት። እኔ ከመጭመቂያው ጀርባ ሙጫ እቀባ ነበር። ስትወጣ ደጃፉ ላይ ጉንዳኖች ነበሩ። እግሯን አንሥታ ተሻገረቻቸው።

ከነገ ወዲያ ሐሙስ በአራት ሰዓት የኮሌጁ ጉባኤ ተቀምጦ መባረሯን ያጸድቃል። እኔ ሐሙስ ወይ ሰመመን ላይ እሆናለሁ፣ ወይ ጭራሹን አልኖርም። ስለዚህ ቃሌና አሥራ ሁለቱ ቅጠሎች ጉባኤው ፊት ይቅረቡ።

እዚህ ላይ አባባ ብዕራቸውን አንሥተዋል።

«ቆይ ልጄ። ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ሲሞት ነው። ነገ ከዳንክ ይሄ ባዶ ወረቀት ነው።»

«ታዲያ ልጅቷ እንድሞትላት ልትጸልይ ነው?»

«ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያው ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ትባረራለች።»

እህቴ «አፍህን ዝጋ!» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አሰቡ። «አርባ ዓመት ስጽፍ እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሞኝ አያውቅም» ካሉ በኋላ የሚከተለውን በራሳቸው ቃል አስገብተዋል፦ አምስተኛው ተራ ኑዛዜ ሳይሆን የምስክርነት ቃል ነው፤ ተናጋሪው ቢሞትም ቢድንም ከዚህ ሰዓት ጀምሮ የጸና ነው።

«ከዳንክ ግን ትጠየቅበታለህ። ገብቶሃል?»

ገብቶኛል። ይጻፍ።

እህቴ ቅይጥን ከአልጋው ሥር አውጥታ፣ ከሲስተር መቀስ ተውሳ ስፌቱን ልትቆርጥ ስትል ጋሼ ብድግ አሉ።

«አምጪው ወዲህ! ትቀድጂዋለሽ።»

ከኮታቸው ኪስ ትንሿን ቢላ አውጥተው ክሩን ከጀርባው በኩል አንድ በአንድ በጠሱት። አሥራ ሁለቱን ቅጠሎች ሳይታጠፉ አወጧቸው፤ ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው የያንዳንዱን ግርጌ አዩ። የአማካሪዋ ፊርማና ቀኑ በሁሉም ላይ አለ።

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አሉ።

ስምንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ሥራዬን ሲያመሰግኑ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

እህቴ ገጾቹን እንድታደርስ እጇን ብትዘረጋ አልሰጧትም። «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የምወስደውም እኔ ነኝ። መጀመሪያ ወደ ልጅቷ፣ ከዚያ ወደ ኮሌጁ።»

«ሥራውን ይነጥቁናል ጋሼ።»

«ይንጠቁን! ስድስቱንስ የት የት እንደከተትካቸው ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«አባባ፣ ይጻፉልኝ። እነሱንም አስፈትቼ እሰፋለሁ።»

ዝርዝራቸው በመጨረሻው ገጽ ተጽፏል።

ስድስተኛ፣ ምክር። ምክር የሚሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ሰምቼም አላውቅ። ለተመራማሪዎች ሁሉ ግን አንድ ነገር እላለሁ፦ ማንም አያነበንም ብላችሁ አትዘኑ፤ ሙጫው እስኪደርቅ የሚያነባችሁ አንድ ከስምንተኛ ክፍል የቀረ ጠራዥ አለ። ምርምሬን በተመለከተ ደግሞ፣ ከሰባት አንዱ ይነበባል የሚል ውጤት ላይ ደርሻለሁ። ተጨማሪ ጥናት አያስፈልግም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኝ፣ ስድቡም ሳይቀር የእኔና የቤተሰቤ መሆኑን አምኜ ፈርሜአለሁ።

መርፌ፣ ጠራዥ።

ምስክሮች፦

ሲስተር፦ ሲናገር አላተኮሰውም ነበር፤ ለክቼዋለሁ።

ሹፌሩ፦ ስለ ጀሶው ይቅር ብያለሁ። ጽሑፉ ግን አይለቅም።

ጸሐፊው፦ የሰማሁትን ጽፌአለሁ።

የጥረዛ ቤቱ ባለቤት፦ በኅዳር ወር ለኮሌጁ የሰጠሁት ደብዳቤ እውነት አለመሆኑን ዛሬ ስላወቅሁ ሽሬዋለሁ።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ይህ ጽሑፍ ስድስት ገጽ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የአራቱ ምስክሮች አጭር ፊርማና ቀን አለ። ገጾቹን የቆጠሩት የጥረዛ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ሁለት ጊዜ ቆጥረዋል።