የዋላችሁባቸው ከተሞች

ግራንድ ፕሬሪ፣ ኖቬምበር 2008

ለውድ ልጄ ለረያን፦ አሰላሙ አለይኩም፣ የኔ እናት። ቤቱ ያላንቺ ጭር ከማለቱ በቀር እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ከአልባኒያ የላክሽው ደብዳቤና ፎቶ ደረሰኝ። ከአባትሽ ጋር በአንድ ቀን ክሩያንም ቤራትንም ማየታችሁ ደስ ይላል። የቤራት ነጫጭ ቤቶች ዳገቱ ላይ ተደራርበው በመስኮታቸው ሁሉ ያዩኛል ያልሽው አሳቀኝ። ከክሩያ ገበያ የገዛችሁት የሱፍ ቆብ አምሮብሻል። ወፍራሙ ኮት ግን ከዚህ የሄደ አይደለም፤ እኔ በጁላይ የሸከፍኩልሽ የሁለት ሳምንት የበጋ ልብስ ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ሔራን ከስኩል ባስ በወረደች ቁጥር በራችንን ታንኳኳለች። "ሰኞ ትመጣለች" እላታለሁ። ለቲቸርሽም እንደዚያው ነው የምላት።

ይህን በአባትሽ እህት፣ በአክስትሽ በሚራ በኩል ልኬልሻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባስተማርኩሽ ፊደል ቀስ ብለሽ፣ ለብቻሽ አንብቢው። አባትሽ ፊደላችንን አይችልምና "ምን አለች?" ካለሽ፣ "ሰላም ብላሃለች" በዪው።

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ስለዋላችሁባቸው ከተሞች ሁሉ ጽፈሽልኛል፤ ስለምታድሩበት ግን አንድም ቃል የለም። ስሙን ብቻ ጻፊልኝ፣ ልጄ። በአማርኛ።

እናትሽ ሳሊሐ