እኔና እናትህ ያተረፍነው ቤት

መላኬ፣ የኔ ሆድ፣

አንተን ከሸኘን ሦስተኛው ክረምት ሰሞኑን ወጣ። ቀኑን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስተይብ የምውል ሴት መሆኔን ታውቃለህ፤ ለአንተ ልጽፍ ቁጭ ስል እጄ ለምዶበት «ጉዳዩ፦» ብዬ ጀመርኩና ብቻዬን ሣቅሁ። ጉዳዩ ስለ ቤታችን ዕዳ ነው፤ ስለ እናትህም ነው። ወሬው ደስ ስለሚል ለማን ልንገር ብዬ ሳስብ ከአንተ ቀድሞ የመጣልኝ ሰው የለም።

ስትለየን ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሳለህ። ሁለቱ መኝታ ክፍሎች አልቀዋል። ሳሎኑ ግን ኮርኒስ የለው፣ ሊሾ የለው፣ መስኮቱ በላስቲክ ተወጥሮ ነፋስ በመጣ ቁጥር ያጨበጭባል። ካርታው ባንክ ተይዟል። ቆርቆሮውን በዱቤ የሰጠን የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ገንዘቡን ይጠብቃል። ዕቁቡንም ለግድግዳው ብለን ቀድመን ስለበላነው የቀረን መክፈል ብቻ ነበር። አልወቅስህም፤ ሁሉንም ተማክረን ያደረግነው ነው። እንዲያውም መቃኑን ያመጣህበትን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ሣቄ ይመጣል። ገና መሠረቱ እንኳ ሳይወጣ የበሩን መቃን በጋሪ አስጭነህ መጣህ። አቁመህ በሁለት እጅህ ደግፈህ፣ «ግቢ እንጂ፣ ምን ውጭ ያስቆምሻል?» አልከኝ። ዙሪያው ሜዳ ነው። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ፣ «ቤቶች!» ብዬ ገባሁ። ባለ ጋሪው ያበድን መስሎት የሰጠነውን ሒሳብ ሳይከራከር ተቀብሎ ሄደ።

እናትህ እማማ ዘነቡ ለለቅሶው ከደሴ ሲመጡ፣ አርባህን አውጥተው ይመለሳሉ ብዬ ነበር። እንዴት እንደነበርን ታውቃለህ። ከወላይታ የመጣች የጴንጤ ልጅ አንድ ልጃቸውን ወሰደችባቸው። ለሠርጋችንም አልመጡ፤ ስልክ ስንደውልላቸውም ለእኔ «ደህና ነሽ?» ከማለት አልፈው አያውቁም። እኔም «ደህና ነኝ» ብዬ ስልኩን ላንተ አቀብልሃለሁ። በእኔና በእሳቸው መካከል የነበረው ድልድይ አንተ ነበርክ።

አርባህ እንደወጣ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት ሄድን። ነገሩ የገባኝ እዚያ ነው። የቤቱ ግማሽ የእኔ ነው። የአንተ ግማሽ ግን፣ እግዚአብሔር ልጅ ስላልሰጠን፣ አባትህም ሌላ ልጅ ሳይተዉ ስላረፉ፣ የእናትህ ነው። ኑዛዜ ብትተው ሌላ ነበር፤ ግን በዚያ ዕድሜ ማን ስለ ኑዛዜ ያስባል? ከችሎት ስንወጣ በልቤ ሒሳቡን አሰላሁ። እማማ «ይሸጥና ድርሻዬን ስጪኝ» ቢሉ፣ ባንኩ የራሱን ወስዶ ለእኔ የሚተርፈኝ ለአንዲት ክፍል ኪራይ ያህል እንኳ አይቆይም። ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከመሃል ከተማ እስከ ሰፈራችን እስከ ምሥራቅ ድረስ እሳቸው በዚያ እኔ በዚህ መንገዱን እያየን ሄድን። በራችን ላይ ስንደርስ ነው ዞር ብለው፣ «ዕዳው በጠቅላላ ስንት ነው?» ያሉኝ።

ነገርኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሴ ገበያ እህል ሲነግዱ የኖሩ ሴት አይደሉ? አልደነገጡም። «ባንኩን ወሩን ሳታሳልፊ ክፈይ። ከዚያ የተረፈውን ለትንንሾቹ። ስም የሚያጠፋው ትንሹ አበዳሪ ነው፤ ባንክ ሐሜት አያውቅም» አሉኝ። ወደ ደሴ ስለ መመለስ አላነሱም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ በኋላ ግቢህ ገበያ ሆነ። ሁለቱን መኝታ ክፍሎች ለዩኒቨርሲቲ መምህራን አከራየንና እኔና እናትህ ከጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ገባን። እሳቸው ጎሕ ሲቀድ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ እኔ መዝሙሬን አንጎራጉራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እኔም ከፍ አደርጋለሁ፤ እልህ ነገር ነበረው። አንድ ቀን ከተከራዮቹ አንዱ በትሕትና መጥቶ፣ «ጸሎቱን ወደነዋል፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢሆን ግን...» ሲለን ሁለታችንም አፈርን። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን የሣቅነው ያን ዕለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እተይብ ጀመር። ብስክሌትህንም ሸጥኳት። ይህን ስነግርህ ትንሽ ይከብደኛል። የገዛት ሰው በሰፈራችን ያልፋል፤ ፍሬኗ እስካሁን ያፏጫል፤ በሰማሁት ቁጥር ቀና እላለሁ።

ሳሎንህን ደግሞ፣ አትቆጣና፣ ዶሮዎች ወረሱት። አንድ ቀን ላስቲኩ ሲያጨበጭብ እማማ ቆመው አዩና፣ «ይህ ሁሉ ቤት ለነፋስ ነው እንዴ የተሠራው?» አሉ። በሳምንቱ የፈረንጅ ጫጩቶች በካርቶን ይዘው ከች! ጫጩቶቹ አድገው መጣል ሲጀምሩ ዕንቁላሉን በቅርጫት እየያዙ ሰፈሩን አዳረሱት። ሲዳምኛም ተማሩልህ፤ የሚያውቁት ቁጥሩን ብቻ ነው፣ እሱንም በወሎ ዜማ። «ላሜ፣ ሳሴ» እያሉ ሲቆጥሩ ሴቶቹ በሣቅ ይፈርሳሉ፤ እየሣቁም ይገዛሉ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ጭንቅ መጣ። ዶሮ ጾም አታውቅም፤ መጣሏን ቀጠለች። እማማ ጾመኛ፣ ደንበኞቻቸው ጾመኞች። ዕንቁላሉ ከአልጋችን ሥር ሳይቀር ተደረደረ። «እማማ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች እኮ ይበላሉ» አልኳቸው። እሁድ ቅርጫቱን ይዤ ልወጣ ስል፣ «አንቺ ልጅ፣ ዋጋ አታውቂበትም፤ ያታልሉሻል» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉኝ። ወደ ውስጥ አልገቡም። ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠበቁ። ሕዝቡ ሲወጣ ግን ማን ይቻላቸው! ቅርጫቱን ባዶ አድርገን ስንመለስ፣ «እነዚህ ጴንጤዎች ባይኖሩልን ሁዳዴ አክስሮን ነበር። እግዜር ያለ ምክንያት የፈጠረው የለም» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ «አንቺ ልጅ» መባሌ ቀርቶ «አስቴርዬ» ሆንኩ።

በዚህ ዓይነት የቆርቆሮው ዕዳ አለቀ። ነጋዴው የመጨረሻውን ሲቀበለን ከመቀመጫው ተነሥቶ እጃችንን ጨበጠ። እማማ ግን «ምርቃት የለውም?» ብለው ሚስማር አስጨመሩ። ቀጥሎ ዕቁቡ አለቀ። የቀረን ባንኩ ብቻ ሆነ።

የሙት ዓመትህን ስናወጣ አጎትህ ጋሽ ጌታቸው ከደሴ መጡ። ምሳ ከተበላ በኋላ እህታቸውን፣ «ዘነቡ፣ ለቤቱ ገዢ አግኝቻለሁ። ዋጋው ጥሩ ነው። ድርሻሽን ይዘሽ አገርሽ ግቢ። በዚህ ዕድሜሽ እዚህ ከዶሮ ጋር ምን ትሠሪያለሽ?» አሏቸው። እኔ ሳሕን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መላኬ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ጋሽ ጌታቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለእህታቸው አስበው ነው። ያስፈራኝም እሱ ነው፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው እመክር ነበር።

እማማ መሶቡን ከፊታቸው ገፋ አደረጉ። ከዚያ፣ «ጌታቸው» አሉ፣ «እኔ ለልጄ ሠርግ አልመጣሁም። እልኸኛ ነበርኩና ቀረሁ። ለቀብሩ ግን መጣሁ። አሁን ደግሞ ቤቱ ሲመረቅ አልኑር ትለኛለህ?»

ሳሕኑን አስቀምጬ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው። ስመለስ ጋሽ ጌታቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲያስ ለመንገዴ ዕንቁላል ቀቅሉልኝ» እያሉ ነበር።

በማግሥቱ እኔና እማማ ባንክ ሄድን። የብድር ክፍሏ ልጅ ትዕግሥተኛ ናት፤ ነገሩን ዘርዝራ አስረዳችን። አሮጌው ብድር ከግማሽ በታች ከወረደና ውዝፍ ከሌለበት፣ ቤቱ እንደገና ተገምቶ በአዲስ ውል ሊያዝ ይችላል። ጊዜው ይረዝማል፣ ወርኃዊ ክፍያው ይቀላል፣ ለማስጨረሻ የሚሆንም ይጨመርበታል። አንድ ችግር ግን አለ፤ ተበዳሪ መሆን የምችለው ደመወዝ ያለኝ እኔ ነኝ፣ እማማን ደግሞ ዕድሜያቸው ውሉ ውስጥ አያስገባቸውም። የቤቱ ግማሽ የእሳቸው ሆኖ ሳለ እኔ ብቻዬን ላስይዘው አልችልም። አንገቴን ደፋሁ። ምን እላለሁ? ግማሽ ቤትዎን ይስጡኝ ተብሎ ይለመናል? እሳቸው ግን ልጅቱን ቀና ብለው አይተው፣ «በስጦታ ባዞርላትስ?» አሏት፤ ገበያ ላይ ጤፍ እንደሚያስለኩ ሁሉ በቀላሉ።

የስጦታውን ውል ልንፈራረም ውልና ማስረጃ ስንሄድ ሠራተኛው እንደ ደንቡ፣ «እማማ፣ ማንም ሳያስገድድዎት፣ በሙሉ ፈቃድዎ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «እኔን የሚያስገድድ ሰው ካለ እስቲ አምጣልኝና ልየው» አሉት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሣቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው በዝግታ፣ «እሱ በሕይወት ቢኖር የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት» አሉኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሩጫ አልነግርህም፤ ኪራዩም፣ ዕንቁላሉም፣ የቅዳሜው ትየባም ባንክ ገባ። አዲስ ቀሚስ ያየሁት በሰው ላይ ነው። ዕዳው ከግማሽ በታች ሲወርድ ማመልከቻ አስገባንና ገማቹ መሐንዲስ ይመጣል ተባለ። ዶሮዎቹን ጎረቤት ልናሸሽ፣ ሳሎኑን ልናጥብ ስንሰናዳ ሰውዬው ከተቀጠረበት ቀን ቀድሞ ደረሰ። ሜትሩን ይዞ «ሳሎኑስ?» ሲለኝ ምርጫ አልነበረኝም፤ በሩን ከፈትኩለት። ዶሮዎቹ እንግዳ ሲያዩ መኖ የመጣ መስሏቸው ግር ብለው እግሩ ሥር ተሰበሰቡ። እሱ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቆሞ፣ «ይህን ክፍል ምን ብዬ ልጻፈው?» አለ።

«ሰው የያዘው ብለህ ጻፍ» አሉት እማማ። «ኪራይ የማያሳልፉ ተከራዮች ናቸው።»

ሰውዬው እስኪያስለው ሣቀ። ዶሮዎቹን በእግሩ ገፋ እያደረገ ለካ፣ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ወራጁን ቀና ብሎ አየ፤ «አሠራሩ ጠንካራ ነው፤ ማን ነው ያሠራው?» ሲል እማማ ቀድመውኝ፣ «ልጄ» አሉ።

ግምቱ ካሰብነው በላይ ወጣ። አዲሱን ውል ፈረምኩ። ሲሚንቶ በወረፋ ስለሆነ ሥራው ቢዘገይም፣ ይኸው ሳሎንህ ኮርኒስ ለብሷል፣ ሊሾው መስተዋት መስሏል፣ መስኮቱም መስተዋት ገብቶለታል። ዶሮዎቹ ጓሮ የራሳቸው ቤት አላቸው። ከነሱ ጎን የሚከራዩ ክፍሎች ጀምረናል፤ ብሎኬቱ ወገቤ ጋ ደርሷል። ወርኃዊ ክፍያው ከቀድሞው ስለቀለለ ቅዳሜ መተየቡን ተውኩት። ዕዳው አላለቀም፤ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ግን አሁን አብሮን የሚኖር ዕዳ ነው እንጂ ከቤት የሚያስወጣን አይደለም። መንገዱም ኮብልስቶን ተነጥፎለት እስከ በራችን ደርሷል።

ቤቱ ሲመረቅ የእማማ ቄስ ጠበል ረጩ፣ ከዚያ የእኔ ሰዎች ዘመሩ። ጋሽ ጌታቸውም መጥተው የበቀለ ሣር እስኪመስል ድረስ ቄጤማ ጎዘጎዙ። እማማ ሳሎኑ መሐል ተቀምጠው አንድ ጊዜ አለቀሱ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ጠርገው ሊሾውን በጫማ የረገጡትን እንግዶች ይቆጡ ጀመር። አንተ ብትኖር ከሁሉም በላይ የምትጮኸው አንተ ነበርክ። ሣቅህ ጎደለን። የቀረው ሁሉ ሞልቶ ነበር።

ካርታው ዛሬ በእኔ ስም ነው፣ መላኬ። ባለፈው ሳምንት የውኃ ቆጣሪ አንባቢ መጣ፤ ለሰፈሩ አዲስ ነው። እማማ ከጓሮ መልሱን ለመስማት ጆሯቸውን አቁመው ነበር። «የአቶ መላኩ ቤት ይህ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ የመላኩ ቤት ነው» አልኩት። እስክሞት ድረስ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

አስቴርህ