አንቺንና ዘሀራን የሚያገናኝ መስመር

አዮ፣ እናቴ፣

ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ሞላ። ዛሬም መቱ ገበያ ውስጥ ሻሿን እንዳንቺ ያሰረች ሴት ከኋላዋ ሳይ እርምጃዬ ይፈጥናል። ደርሼባት ፊቷን ሳይ አፍሬ እመለሳለሁ።

ኡካ ያለው ቤትሽ ቆርቆሮው ተቀይሯል። የልጅ ልጅሽ ሲፈን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሰሞኑን ኮምፒውተሯ ላይ የዘር ሐረግ የሚመዘግብ ፕሮግራም ጫነች። ስም ሲጻፍለት ማን ለማን ምኑ እንደሆነ ይጠይቅና መስመሩን ራሱ ይስላል። የእኔን ስም ጻፈች፤ ከበላዩ ጫልቱ ብላ ያንቺን ጻፈችና ቆመች።

«እማዬ፣ ዝምድናውን ምረጪ ይለኛል። ወላጅ፣ ጉዲፈቻ፣ የእንጀራ እናት፣ ሞግዚት። የቱን ልበል?»

«ወላጅ በያ!» አልኳት ቱግ ብዬ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ፊቴ ላይ ድቅን እያልሽ ዋልሽ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ አንዲት ልጅ «አንቺ እኮ የሰፋሪ ልጅ ነሽ» ብላኝ እያለቀስኩ ስመጣ በቆሎ ትፈለፍዪ ነበር። አልዋሸሽኝም። ዘሀራ የምትባል ሴት ከወሎ በሰፈራ መጥታ አጠገብሽ እንደኖረች፣ ወባ እንደገደላት፣ ጡት ሳልጥል ለአንቺ አስረክባኝ እንዳለፈች ነገርሽኝ። ስሜን እንኳ አልቀየርሽም። «መዲና ያለችሽ እሷ ናት፤ እኔ ምን አግብቶኝ» አልሽ።

በየዓመቱ መቃብሯ ድረስ ወስደሽ ስሟን ታስጠሪኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ግን አልሄድም አልኩሽ። እናቴ አንቺ ብቻ እንድትሆኚ ፈልጌ ነው፤ የምትደሰቺም መስሎኝ ነበር። ጉልበትሽ እስኪደክም ብቻሽን እየሄድሽ ሳሩን በእጅሽ ትነቅዪ እንደነበር የነገሩኝ ጎረቤትሽ እትዬ ብርቄ ናቸው፣ ለቅሶሽ ላይ። ይቅርታ እንዳልልሽ አንቺ የለሽም።

በማግስቱ ሲፈንን «አስተካክዪው» አልኳት። ለካ ፕሮግራሙ ለአንድ ሰው ሁለት እናት ይቀበላል። ዘሀራን በወላጅነት፣ አንቺን በጉዲፈቻ አስገባን። ወደ እሷ የሚሄደው መስመር ድፍን፣ ወደ አንቺ የሚሄደው የተቆራረጠ ሆኖ መጣ። አዮ፣ አናደደኝ። ከአንቺ ወደ እሷ የሚሄድ ደግሞ ጭራሽ የለም። ሲፈን ፈልጋ ፈልጋ «ጎረቤት የሚል የለውም፣ እማዬ» አለችኝ።

ከስምሽ ሥር ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ነበር። እዚያ ለዘሀራ ያደረግሽላትን ሁሉ ጻፍኩ፤ መጀመሪያ አንቺ በነገርሽኝ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በእሷ ቋንቋ በአማርኛ። ሲፈን አነበበችውና ተነስታ አቀፈችኝ።

ከእንግዲህ የእናትሽ ስም ማነው ሲሉኝ አንዷን ብቻ አልጠራም። በሕይወት እስካለሁ ሁለታችሁንም እጠራለሁ። ናፍቆቱ ግን ያንቺ ነው፤ የእሷን ፊት አላውቀውም። ዘሀራም ብትሆን በዚህ አትቀየመኝም።

ልጅሽ መዲና