ጃንጥላውን ያልወሰደችው ሴት

ውድ እታለም፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። ዛሬ ግን ያንቺን ጤና ለመጠየቅ አንጀቴ እሺ አላለኝም፤ እለፊኝ። መጽሐፉን አገኘሁት። የትኛውን እንዳትዪኝ። የጃፓኗን፤ ባሏን ትታ ከሰዓት ሠሪው ሱቅ በላይ ክፍል የተከራየችውን ሴት መጽሐፍ።

ባሌን ትቼ አንቺ ጋ የመጣሁ ጊዜ፣ አራት ወር ሙሉ የኋላ ክፍልሽ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከምታስተምሪበት ትመለሺና ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትያለሽ። እኔ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ፣ አንቺ ከእንግሊዝኛው ወደ እኛ ቋንቋ እየመለስሽ ታነቢልኛለሽ። አምስት የጃፓን ልብወለድ እንዲህ ጨረስን። መጀመሪያ ላይ አላስችል ብሎኝ፣ “ምነው እነዚህ ሰዎች አፍ የላቸውም? ሴትዮዋ ተበደልኩ አትልም እንዴ?” ስልሽ በሳቅ ትፈርሺ ነበር።

“አንቺ ችኩል! እዚያ አገር ሰው ዝም ሲል ነው የሚናገረው። ዝምታው ውስጥ ያለውን መስማት ልመጂ” አልሽኝ።

ለመድኩልሽ።

የባሌን ነገር ከእኔ እኩል ታውቂዋለሽ። አይማታም፣ አይሰክርም፣ አይሳደብም። ያኮርፋል። ሻይ ቀዘቀዘ ብሎ ሁለት ሳምንት፣ እህቴ ጋ አምሽተሽ መጣሽ ብሎ ወር ሙሉ ቃል አይተነፍስም። እኔም የወጣሁት እንደ ወንበር መታለፍ ቢያንገሸግሸኝ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበብሽልኝ ዕለት፣ የሴትዮዋ ባል ረስታው የሄደችውን ጃንጥላ ላከላት፤ ወረቀት የለው፣ መልእክት የለው። እሷም ይዛው በዝናብ ቤቷ ተመለሰች፤ በሩን ከፈተላትና አንድ ቃል ሳይተነፍስ አለቀሰ። እኔም መርፌዬን ይዤ አብሬው አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ባሌ ካፖርቴን በሰው ላከልኝ፤ እሱም ያለ አንድ ቃል። ዕቃዬን ለመጠቅለል ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። በሩን ሲከፍትልኝ ግን “ቁልፍ የለሽም እንዴ?” ነበር ያለኝ።

ከዚያ ዘጠኝ ዓመት። አንቺ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝተሽ ሄድሽ፤ እኔ እንዳስተማርሽኝ ዝምታውን ማንበብ ቀጠልኩ። መስኮት ሲዘጋ ብርድ እንዳይመታኝ አስቦ ነው አልኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲቀመጥ ማዘኑን እንዳላይበት ነው አልኩ። ከሥራ ቦታዬ አጠገብ ካለው ቤተ መጻሕፍት በቋንቋችን የተተረጎመውን የጃፓን ልብወለድ ሁሉ እየተዋስኩ ጨረስኩ። አንዳንዱን እስክሞት ወደድኩት፤ አንዲት ሴት ሳህን ስታጥብ ሦስት ገጽ የሚጽፍ ሰው ሳህን የምታጥብ ሴትን አይቷታል ማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ደሜን ያፈላዋል፤ ትዳር እየፈረሰ ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

ባለፈው ወር አዲስ ትርጉም መጥቷል ተብዬ ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ሰዓት ሠሪውን አገኘሁት። ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ሴትዮዋ ጃንጥላውን ሱቁ ደጅ ላይ አቆመችው፤ ላስፈለገው መንገደኛ ይሁን ብላ። ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች። አለቀ።

“ገጽ ተቀዷል” አልኳት የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ።

ተቀብላ አየችው። “የኔ እህት፣ አልተቀደደም። ማለቂያው ነው።”

“እንግዲያው ተርጓሚው ተሳስቷል። ወደ ባሏ ትመለሳለች እኮ!”

እንግሊዝኛውን ከመደርደሪያ አወረደችና ጎን ለጎን ዘርግታ አነበበችልኝ። ልዩነት የለውም። “ማነው ትመለሳለች ያለሽ?” አለችኝ። አንቺን መጥራት አሳፈረኝ።

መጨረሻውን ለምን እንደቀየርሽው ታውቅ እንደሆን ልጠይቃት እማዬ ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ፣ እኔ መጽሐፍ የት አውቄ ብላ አድበሰበሰች። አልለቅ ስላት ግን አወጣችው። “እኔ ነኝ እህትሽን የለመንኳት። ልጄ ቤቷ ትግባልኝ አልኳት። ካፖርቱንም ላክላት ብላ ለባልሽ የነገረችው እሷው ናት። ክፉ አስባ መሰለሽ?”

ካፖርቱን መላኩም ያንቺ ሐሳብ ነበር ለካ! እማዬን አልተቀየምኳትም። ዕድሜዋን ሙሉ “ቻይው” ስትለኝ ፊት ለፊት ነው፤ እኔም ፊት ለፊት እምቢ እላታለሁ። አንቺን ግን እምቢ የምልበት ምን ቀዳዳ ሰጠሽኝ? መጨረሻውን በእኔ ልክ ቆርጠሽ ሰፋሽው፤ እኔ ልብስ ሰፊዋ ስፌቱን ሳላየው ለበስኩት። ከድተሽኛል፣ እታለም። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁለት።

እሁድ ጠዋት፣ ኩርፊያው አራተኛ ቀኑን ሲይዝ፣ ባሌ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። “ዝም ስትል ምን እያሰብክ ነው?” አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ።

“ምንም” አለ። “ምን አስባለሁ?”

ዋሽቶኝ አይደለም። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረብኝና ወደ ጓዳ ገባሁ።

ደራሲውንም ተቀይሜዋለሁ። ሴትዮዋ ምን እንደ ዋጣት ሳይነግረኝ መጽሐፉን ዘጋብኝ፤ ምናለበት አንድ ገጽ ቢጨምርልኝ? ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ ምን መሰለሽ፣ ያንቺ መጨረሻ ዛሬም ከእሱ ይልቅ ደስ ይለኛል። በሩ ሲከፈት፣ ሰውየው ሲያለቅስ አሁንም ይታየኛል። የኖርኩበት ቤት ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሆነም።

ክፍል ተከራይቻለሁ። የስፌት መኪናዬን ትናንት አስጫንኩ። የት እንደሆነ እማዬም ስለማታውቅ እሷን አታስጨንቂያት። አንድ ቀን ይቅር እልሽ ይሆናል፤ አሁን ግን አልቻልኩም፣ ችያለሁ ብዬም አልሸነግልሽም። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ዘመድ አዝማድ “ታናሽሽ የት ደረሰች?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። “አላውቅም” በያቸው። ከራስሽ ምንም አትጨምሪ።

ታናሽሽ