የማይታየው ጨረር

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ቤቱስ ደህና ነው? አራሷ ልጅሽስ ደህና ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ነበር። ሌዘር በሚሉት ጨረር ብረት እንበሳለን። ጨረሩ ከመፍጠኑ የተነሳ ብረቱ ሳይሞቅ ይበሳል፤ ቀዳዳውም ከፀጉር ይቀጥናል። ክር በመርፌ ማሾለክ ሲያቅትሽ «ዓይናማው፣ ና!» ትዪኝ አልነበር? እዚህም ለዓይኔ ብለው ጥሩውን ማሽን ሰጥተውኝ ነበር።

ባለፈው ወር መከላከያ መነጽሬ ጉም ሲይዝብኝ ለአፍታ አውልቄ ጠረግሁት። ጨረሩ ለዓይን አይታይምና የጠፋ መስሎኝ ነው። አለቃዬ መጀመሪያ ጮኸብኝ፤ ኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወረኝ። ካርቶን ማጠፍ ነው፤ በዳበሳም ይሠራል። የምውለው ብቻዬን ስለሆነ ቀልዱን እኔው አወራለሁ፤ እኔው እስቃለሁ።

የሸሚዜ ቁልፍ ተበጥሷል። ክርና መርፌ አለኝ፤ ግን ሰነፍኩና እንዲሁ እለብሰዋለሁ። ደግሞ አንቺ ጽሕፈትሽን ምን አሳነሰው? ወረቀት ተወደደ እንዴ? ከእንግዲህ በስልክ ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪልኝ። የእኔ መስመር ከተጣመመብሽ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ አጭር ነው።

የልጅ ልጅሽ ፎቶ ደርሶኛል። መስኮቱ ጋ አስጠግቼ ብዙ ቆየሁ። ስታምር! ለመሆኑ ማንን ነው የምትመስለው? አንቺው ንገሪኝ።

ሁሉንም በያሉበት ሳሚልኝ። ቶሎ በዓይነ ሥጋ ለመተያየት ያብቃን።

ወንድምሽ