ሳይመረቅ ስለ ተነሳው ሞተር ሳይክል

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 19 ቀን

ለተከበሩ አቶ ዘካሪያ ሀይደር
የሳንባ ነቀርሳን በጋራ የመከላከል ብሔራዊ ጥምረት፣ የኮምቦልቻ ማስተባበሪያ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ጽሕፈት ቤትዎም፣ አሥራ ሰባቱ የጥምረቱ አባላትም፣ በየስብሰባው ፊታችሁ የሚደረደረው የታሸገ ውኃም በመልካም ሁኔታ ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ሰኞ ዕለት የላኩልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከነማኅተሙ ደርሶኛል። የጥምረቱን ሞተር ሳይክል ከምረቃው በፊት በማንቀሳቀስ የፈጸምኩትን ጥፋት በጽሑፍ አምኜ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ሞተሩም ሪባኑ እንደገና ታስሮለት እስከ አራተኛው የምረቃ ቀን ወደ አዳራሹ እንዲመለስ አዝዘዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ጥፋቱን ዘርዝሮ ያልጻፈ ተማሪ ይቅርታ እንደጠየቀ አልቆጥርለትም ነበርና፣ የራሴንም እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግሁት ጥምረቱ «ግልጽነት» የሚለውን ቃል በባነሩ ላይ ከበሽታው ስም አስበልጦ ስላጻፈው ነው።

አንደኛ፣ የሞተሩን ዓላማ በተሳሳተ መንገድ ተረድቼ ነበር። ጥቅምት ላይ የኅብረተሰብ ተወካይ ተብዬ አሥራ ሰባተኛ አባል ሆኜ ስፈርም፣ ሞተሩ የሕሙማንን አክታ ከጤና ጣቢያ እየተቀበለ ደሴ ላይ ወደሚደረገው ምርመራ እንዲያደርስ የመጣ ነው ሲባል እውነት መስሎኝ አጨበጨብኩ። ሳይመረቅ መንካት ክልክል መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ሁለተኛ፣ ምረቃውን ላዘገዩት ከባድ ምክንያቶች ተገቢውን አክብሮት አልሰጠሁም። የመጀመሪያው ምረቃ የቀረው የአንዱ አጋር ዓርማ ከሌሎቹ በሁለት ጣት አንሶ በመታተሙ ነበር። ሁለተኛው ሪባኑን ማን ይቁረጥ በሚለው ሁለት አጋሮች ተኳርፈው ቀረ። ሦስተኛው ደግሞ የክብር እንግዳው ከአዲስ አበባ ሳይመጡ በመቅረታቸው። በዚህ ሁሉ ወራት ሞተሩ የመቀመጫው ፕላስቲክ ሳይነሳለት፣ ቀይ ሪባን በመሪው ላይ ታስሮለት፣ እንደ ሙሽራ አዳራሽ መካከል ቆሞ ነበር። እንዲነዳው የተቀጠረው ሂሻም በየማለዳው ይወለውለዋል። አንድ ቀን «ወላሂ እማማ ወርቄ፣ ለመንዳት ተቀጥሬ ነበር፤ በዚህ አያያዝ ግን ወልውዬ ልጨርሰው ነው» አለኝ።

ሦስተኛ፣ ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ሱዓድ ከኩታበር ገጠር መጥታ ፋብሪካ የገባች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በግቢዬ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ክፍሏ ያላት መስኮት አንድ ነው። መስከረም ላይ ቲቢ ተገኘባትና መድኃኒት ጀመረች፤ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳታጓድል ወሰደች፤ ሳሉ ግን ባሰባት። መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራላት የሚታወቀው ደሴ ላይ በሚደረገው ምርመራ ብቻ ነው ተብሎ ታኅሣሥ ላይ አክታዋን ሰጠች። ናሙናው ሞተሩን እየጠበቀ አሥራ አንድ ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይቶ ተበላሸና ተጣለ። ጥር ላይ ሁለተኛ ሰጠች፤ ያም ተጣለ። ከጤና ጣቢያ በተመለሰች ቁጥር በደጃፌ ቆማ «እማማ፣ ውጤቴ መጣ?» ትለኝ ነበር፤ እኔም «ነገ ነው» እላት ነበር። በሰባ ስድስት ዓመቴ መዋሸት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛውን ናሙና ባለሙያው በደንቡ መሠረት አሽጎ በበረዶ ሳጥን ሲሰጠኝ፣ እኔው ጭኔ ላይ አድርጌ በደሴ ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ረዳቱ «እማማ፣ እርጎ ከሆነ ለእኛም ያቅምሱን እንጂ!» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ቀልድ የማልወድ ሴት አይደለሁም፤ የዚያን ቀን ግን እስክወርድ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ስመለከት ቆየሁ። ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ተነገረን፦ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ። ሱዓድ አሁን ደሴ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሟ፣ ሁለት ወር ቀድማ ደርሳ ቢሆን ኖሮ የግራ ሳንባዋ ይተርፍ ነበር አለኝ። እነዚያ ሁለት ወራት የት እንዳለፉ እርሱ አያውቅም። እኔና እርስዎ ግን እናውቃለን፤ አዳራሽ ውስጥ ሲወለወሉ ነበር።

አራተኛ፣ ድርጊቱን በተመለከተ። ከሱዓድ ጋር ክፍሏን የተከራየችው ኩኩም ማሳል ጀመረች፤ ናሙናዋ ባለፈው ሳምንት ሰኞ ተወሰደ። ረቡዕ ጠዋት የልብስ መቀሴን ይዤ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ዘበኛው «እማማ፣ ምረቃው ዛሬ ነው እንዴ?» ቢለኝ «አዎን» አልኩትና ገብቼ ሪባኑን ቆረጥኩ። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም፤ ሞተሩ ግን በመጀመሪያው ርግጫ ተነሳ። በዚያው ቀን የኩኩንና የሌሎች ዘጠኝ ሰዎችን ናሙና ደሴ አድርሶ ተመለሰ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሂሻም ታላቁን አክብሮ ታዘዘ እንጂ ጥፋት የለበትም። በእርሱ ላይ የሚጻፍ ደብዳቤ ካለ በእኔ አድራሻ ይላክ።

ጥፋቴን በዚህ አጠናቅቄያለሁ። ይቅርታውን በተመለከተ ግን፣ የቀድሞ ተማሪዎቼን ቢጠይቁ እንደሚነግሩዎት ይቅርታ መጠየቅም መስጠትም አልሆነልኝም። ሪባኑን ከዚህ ጋር በፖስታ ልኬያለሁ፤ ሁለቱም ቁራጭ አልጎደለም። ሞተሩን ግን አልመልስም። ቁልፉ በጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ መዝገብ ላይ ተፈርሞ ገብቷል፤ ሞተሩን መልሶ ማሰር የሚፈልግ ኃላፊ እዚያው ሄዶ፣ ናሙናቸውን ይዘው በተሰለፉት ሕሙማን ፊት ሙሉ ስሙን ጽፎ ይውሰድ። በነጋታው ስሙን በየፋብሪካው በር የምለጥፈው እኔ ራሴ ነኝ፤ የእጅ ጽሕፈቴ ዛሬም ከሩቅ ይነበባል።

ደግሞም የሦስቱን የምረቃ ኮሚቴዎች ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ መሆኔን እንዳይዘነጉ። ስለ ዓርማው መጠን ማን ስንት ሰዓት እንደተናገረ ቃል በቃል አለኝ። የሱዓድ አባት ቅዳሜ ከኩታበር ይመጣሉ። ማንበብ ስለማይችሉ ቃለ ጉባኤውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ላነብላቸው ቃል ገብቻለሁ። እርስዎም መጥተው አጠገባቸው ቢቀመጡ ደስ ይለናል፤ ወንበር ተዘጋጅቶልዎታል።

ሥራዎን ሠርተው እስኪያሳዩን ድረስ እንቅልፍ እንዲያጡ ከልብ በመመኘት፣ ታላቅ አክብሮቴ ከነሙሉ ክብደቱ እንዲደርስዎ እጠይቃለሁ።

ወርቄ አምባዬ
ጡረተኛ መምህርት፣ የጥምረቱ አሥራ ሰባተኛ አባል

ግልባጭ፦ ለአሥራ ስድስቱ አባላት በሙሉ፣ የስማቸው ፊደል እኩል መጠን ኖሮት

ሳልጽፍ የረሳሁት፦ የኩኩ ውጤት ትናንት መጣ፤ እሷንም ይዟታል፤ ነገር ግን በጊዜ ስለታወቀ መድኃኒቷን ዛሬ ጠዋት ጀምራለች። የጤና ባለሙያዎቹ ከልጆቹ ጋር በዝግ ክፍል የቆየ ሰው ሁሉ ይመዝገብ ሲሉኝ፣ ታኅሣሥ ላይ ለጥምረቱ መጽሔት ከሱዓድ ጋር ፎቶግራፍ ሊነሱ መጥተው፣ ነፋሱ ባነሩን አወዛወዘው ብለው መስኮቱን አስዘግተው አንድ ሰዓት መቀመጥዎ ትዝ አለኝ። ባለፈው ስብሰባም ሲያስሉ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ስምዎን በአንደኛ ተራ ቁጥር አስመዝግቤያለሁ። ነገ ማለዳ ባለሙያዎቹ የአክታ መቀበያ ዕቃውን ይዘው ቢሮዎ ይመጣሉ፤ ቁርስ ሳይቀምሱ ይጠብቋቸው። ከአፍ የሚወጣ ምራቅ አይቀበሉም፤ ከደረት የመጣ መሆን አለበት።